ቀዩ ቀለም እስኪደርቅ

እኔ መጠበቅ አልችልም፤ አፈጣጠሬ ነው። እኔ እስራኤል ገብቼ እናቴና ታናሽ ወንድሜ ሱዳን ቀርተው መንገዱ ሲዘጋ ደግሞ ጭራሽ አላስቀምጥ አለኝ። መርዶ በእኛ ዘንድ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገረው፤ ሽማግሌዎች ተሰብስበው መጥተው በር ያንኳኳሉ። ስለዚህ በዚያ የቂርያት ጋት ከተማ ፎቅ ውስጥ ማለዳ የጎረቤት በር ሲንኳኳ እንኳ ከአልጋዬ እዘል ነበር።

ቤት መዋል ሲያቅተኝ ከዕብራይስጥ ትምህርት ቤቱ ከኡልፓን መልስ መትናስ፣ ማለት የሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት፣ በጣውላ የቀለም ሕትመት መማር ጀመርኩ። ሞራዋ፣ አስተማሪያችን ማለት ነው፣ ያሁን ዘመን ሠዓሊዎች ያተሟቸውን ልቦች አሳየችን፤ ሰማያዊ ልብ፣ ባለመስመር ልብ፣ እግር ያወጣ ልብ። «ወይ ጉድ! ይቺ ሴት በግ ሲታረድ አይታ አታውቅም እንዴ?» አልኩ በሆዴ። ግን እኔም ያንኑ ልብ ጣውላ ላይ ቀረጽኩ። ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ጣውላ ነው፤ ቢጫው ሳይደርቅ ሰማያዊው አይታተምም፣ ሰማያዊው ሳይደርቅ ቀዩ። «ሌአት፣ ሌአት» ትለኛለች፤ ቀስ በይ ማለቷ ነው። ማን ሊሰማት! ስቸኩል ወረቀቱ እየተንሸራተተ ስንቱን አበላሸሁ። በመጨረሻ አንድ ደህና ወጣልኝ፤ ለእናቴ አልኩ። ሁለተኛውን ለወንድሜ ብዬ ቀዩን አትሜ እጄን ሳላነሳ፣ አጎቴ በሩ ላይ ቆሙ።

መርዶ መሰለኝ። ወዲያው ግን በመስኮቱ ፀሐዩን አየሁት፤ በቀትር መርዶ የለም!

«ምነው ጋሼ?»

«እናትሽ ገባች! ተነሽ!»

ሁለቱን ወረቀቶች አንጠልጥዬ፣ እጄን ሳልታጠብ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ቀይ እጄን ስታይ «ኧረ ልጄን ምን አደረጓት!» ብላ ጮኸች። ቀለም መሆኑን ስነግራት ሳቅን፣ ከዚያ አለቀስን።

«ወንድሜስ?»

«ከኋላ ነው፤ ይመጣል።»

የእሷን ልብ ሰጠኋት። የእሱንም ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «ቀዩ አልደረቀም፤ እንዳትነኪው እማ» አልኳት። ብዙ አየችው። «በይ አስቀምጪለት» አለችኝ።

ያን ሌሊት ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። እናቴ አጠገቤ ናት፤ ከእንግዲህ ማንም በር ቢያንኳኳ ምን አገባኝ!

ጎህ ሲቀድ የእኛ በር ተንኳኳ። ዘልዬ ስነሳ እናቴ ቀድማኝ ቆማለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ሌሊቱን ሙሉ እያወቀች ነው ያቀፈችኝ። እሷ በሩን ስትከፍት እኔ ወደ ጠረጴዛው ሄጄ የወንድሜን ልብ በጣቴ ነካሁት። ገና አልደረቀም ነበር።