የሸዋረጋ ላብ

ሸዋረጋ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስልክ አገናኝ ነበረች። ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ አለቃ ሲሻር አለቃ ሲሾም እሷ ከወንበሯ አልተነሳችም። ድምፅዋን ብቻ የሚያውቁ የደባርቅና የዛሪማ ሰዎች ኮረዳ ትመስላቸው ነበር። እሷ ግን ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ናት።

የወር አበባዋ ሲቀር አላዘነችም። ባሏ አስማረ ግንበኛ ነው፤ በሽማግሌ ተጋብተው «ዕድሜያችን ገፋ ሲል እንቆርባለን» እየተባባሉ ነው የኖሩት። ማረጧን ስታውቅ ለነፍስ አባቷ ለቄስ ሐብተ ማርያም ነገረቻቸው።

«እንግዲህ ተዘጋጁ» አሏት እሳቸውም።

ያልጠበቀችው ሙቀቱን ነው። ከደረቷ ይነሳና በአንገቷ ሽቅብ ወጥቶ ፊቷን ያነደዋል፤ ወዲያው ላብ ያጠምቃታል፤ ቆይቶ ደግሞ ብርድ ብርድ ይላታል። እንቅልፍ አጣች። አንዷ ጎረቤት ወባ ነው አለቻት፣ ሌላዋ ዛር ነው አለቻት።

ጊዜው ደህና ቢሆን ሁሉንም ችላው ባለፈች ነበር። ግን የቀይ ሽብሩ ወራት ካለፈ ገና ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሰው ሁሉ የሰው ፊት እያነበበ ያድራል። በውይይት ክበብ አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ የሻው ለጠላት በስልክ ወሬ ስለሚያቀብሉ ሰዎች ሲያስረዳ ሙቀቱ መጣባት። ፊቷ ቀላ፤ ላቡ በጆሮ ግንዷ ወረደ፤ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈች። የሻው ንግግሩን አቋርጦ አያት።

«ጓድ ሸዋረጋ፣ ስለ ስልክ ሳወራ ምነው አላበሽ?»

በዕድሜ ልጇ ይሆናል። «አንቺ» ማለቱን የዘመኑ ነው ብላ ተወችው፤ ያስደነገጣት ሰዉ ሁሉ ወደ እሷ መዞሩ ነው።

«አሞኝ ነው» አለች።

«ምንሽን?»

ወንድ በሞላበት ስብሰባ ስለ ማረጥ ለመናገር አፏ እምቢ አላት። ዝምታዋ ደግሞ የሌላ ነገር መሰለ። ከዚያ ወዲህ የሻው ከስልክ ክፍሉ ደጃፍ መቆም አበዛ፤ እሷም ባየችው ቁጥር ሙቀቱ ይብስባት ጀመር።

የእህቷ ልጅ እታገኘሁ ነርስ ነበረችና ጉዳዩን ስትሰማ ወደ ሆስፒታል ይዛት ሄደች። ሐኪሟ ከምሥራቅ ጀርመን የመጡ፣ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። እታገኘሁ እያስተረጎመች በእርጋታ አስረዷት፤ የሴት ልጅ የእንቁላል ዕጢ ሥራውን ሲያቆም ሆርሞን የሚባለው ነገር ከደሟ ይጎድላል፤ ሰውነቷ ጉድለቱን እስኪለምድ እንዲህ ያደርጋታል፤ የጎደለውን በክኒን መተካት ይቻላል። የደም ግፊቷን ለኩ፣ ጡቷን ዳሰሱ፣ እግሯ ላይ ደም ረግቶባት ያውቅ እንደሆነ ጠየቋት።

«ለሁሉም ሴት አይሆንም፤ ዕድሜ ልክም አይወሰድም» አሉ። «አንደኛው ክኒን ሙቀቱን ያስታግሳል፣ ሁለተኛው ማህፀንሽን ይጠብቃል። በየወሩ ግን ጥቂት ደም ሊመለስ ይችላል።»

ሸዋረጋ የመጨረሻውን ቃል ልብ አላለችውም። መተኛት ብቻ ነበር ያማራት።

ለአስማረ ስትነግረው ሳቅ ብሎ «ለወንድስ የለውም?» አላት። ቀልድ አለመሆኑን አወቀች። ትልልቁን ድንጋይ ለሌሎች መተው ከጀመረ ቆይቷል፤ ማታም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚተኛው። ሐኪሟን ጠየቀችለት። የወንድ ሆርሞን ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፣ እንደ ሴት ባንዴ አይቋረጥም፤ ሳይመረመር የሆርሞን መርፌ አይወጋም፣ ይምጣ አሏት። አስማረ እያፈረ ሄደ። ደም ማነስ ተገኘበትና በዚያው ታከመ። እንደ ጎረምሳነቱ ባይሆንም ፊቱ መለስ አለ፤ ከሚስቱም ጋር እንደ ድሮው ማውጋት ጀመረ።

እሷም ክኒኑን በጀመረች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንቅልፏ ተመለሰ። ስብሰባ ላይ ሳያልባት መቀመጥ ቻለች። የሻውም ዓይኑን ወደ ሌላ ሰው አዞረ። ደሙም ሐኪሟ እንዳሉት መጣ።

በጥር ሥላሴ ለንግሥ ስትሄድ ደም ላይ ነበረችና ከቅጥሩ ውጭ ከወጣት ሴቶች መሐል ቆመች። ወዳጇ ለተ ማርያም ስታልፍ አየቻት።

«ምነው ውጭ ቆምሽ? አንቺ ጨርሰሽ የለም ወይ?»

ሸዋረጋ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። ከበሮው ከውስጥ ይሰማል፤ እሷ የቅጥሩን ድንጋይ ተደግፋ ታስባለች። ስንት ዓመት የጠበቀችው ቁርባን ደጃፉ ላይ ደርሳ መልሶ ራቃት። መድኃኒቱንም መጥፎ ልትለው አልቻለችም፤ ሰው ያደረጋት እሱ ነው።

ቄስ ሐብተ ማርያምን አማከረች። «መድኃኒት መውሰድሽ ኃጢአት አይደለም» አሏት። «ደም ግን ከምንም ይምጣ ደም ነው። ወስኚ፤ አላጣድፍሽም።»

ነገሩን ደጋግማ ስታወጣው ስታወርደው ሰነበተች። እንቅልፉን ብቻ ብላ ቢሆን ክኒኑን አትተወውም ነበር። በኋላ ግን በየጠዋቱ ክኒኑን የሚያስውጣት የካድሬው ዓይን መሆኑን ለራሷ አመነች፤ ሰው ፈርታ ከቁርባን መቅረቱን አልወደደችውም። ሐኪሟም ውሳኔዋን ሰምተው መጠኑን እየቀነሱ አስቆሟት።

ሙቀቱ ተመለሰ፤ እንደ መጀመሪያው ባይከፋም ተመለሰ። ውይይት ክበብ ላይ ላቡ ሲወርድ የሻው እንደገና አተኩሮ አያት። ሸዋረጋ እጇን አወጣች።

«ጓድ የሻው፣ ላቤን እያዩት ነው። አርጫለሁ። ሴት ስታርጥ እንዲህ ያልባታል። እናትዎን ይጠይቋቸው።»

ከኋላ ያለች አንዲት ጸሐፊ «እኔንም ጀምሮኛል» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠን ያለ ነበር። የሻው ወረቀቱን አገላበጠና «ወደ አጀንዳችን እንመለስ» አለ። ከዚያ በኋላ ከስልክ ክፍሉ ደጃፍ አልቆመም።

በተከታዩ ዓመት ሸዋረጋና አስማረ አዘዞ ላይ ቆረቡ። ሙቀቱ ግን ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ቆየባት፤ እንቅልፍ ባጣች ቁጥር መድኃኒቱን መተዌ ስሕተት ይሆን እያለች የምታስብበትም ቀን አልጠፋም። እታገኘሁ አንድ ጊዜ ስለዚሁ ስትጠይቃት እንዲህ አለቻት፦

«ሌላዋን ሴት ተይው አልላትም። እኔም እንቅልፉ ይናፍቀኛል።»