ከገበያው በላይ የነበረው ምግብ ቤት

ጣልያን ከመግባቱ በፊት በእኛ አገር ሰው ቤቱን ትቶ በገንዘቡ ምሳ አይበላም ነበር። መንገደኛ ዘመድ ቤት ያርፋል፤ ዘመድ ከሌለው የዘመድ ዘመድ ያፈላልጋል፤ እሱም ከጠፋ ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ ስንቁን ይፈታል። እንጀራ የምትሸጥ ሴት ስሟ በደግ አይነሣም፤ እንጀራ የሚገዛውም ወንድ ሰው የሌለው ተብሎ ይታዘንለታል። እኔ ሰው የሌለኝ ነበርኩ። ስለዚህ የዚያን ጊዜውን የደብረ ብርሃን ምግብ ቤቶች ከማንም በላይ አውቃቸዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

ከአንኮበር ወደ ደብረ ብርሃን የመጣሁት ቤታችን ከተቃጠለ በኋላ ነው። ዳዊት ደግሜ ነበር፤ እጄም ጽሕፈት ያውቃል። ጣልያኖች ደግሞ የሚጽፍላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ነጋዴውም ገበሬውም ከከተማ ሲወጣ የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበትና፣ የወረቀቱን አማርኛ የምጽፈው እኔ ሆንኩ። አሁን ሳልሸፋፍን የማወራው ስላረጀሁ ነው። ያኔ ለራሴም ቢሆን "ሥራ ነው" እያልኩ ነበር የማልፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ የምበላበት ፍለጋ እዞራለሁ። ከወታደሩ ሰፈር አጠገብ ያለችው ሴት ወጧን በውኃ ታበዛለች፤ አንድ ቀን ሳህኑ ውስጥ ፊቴን አየሁ ብያት ከቤቷ አስወጣችኝ። ጠጅ ቤቶቹ ጥብስ ነበራቸው፤ ግን የሰካራም ክርክር ሳይሰሙ ጥብሱን መብላት አይቻልም። በዋናው መንገድ ዳር አንድ ጣልያን የከፈተው ቡና ቤት ነበር። በሩ መስተዋት አለው፣ ጠረጴዛዎቹ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል፣ ቡናውን የሚያፈላው እየጮኸ የሚተፋ መኪና ነው። እዚያ የአገር ሰው አይቀመጥም፤ ክልክል ነው። እኛ በመንገዱ ማዶ ስናልፍ ፓስታውን በሹካ ሲጠቀልሉት እናያለን። እኔ ጠግቤ እንኳ ብሆን ዓይኔ ወደዚያ መሄዱን አይተውም ነበር።

ከሁሉም የምወደው ከገበያው በላይ የነበረውን የአንዲት ሴት ቤት ነው። ሴትዮዋ ከእኔ ጥቂት ዓመት ስለምትበልጥ እትዬ እያልን ነው የምንጠራት። ባሏ በጦርነቱ እንደሞተ፣ አገሯም አንኮበር ግድም እንደሆነ ተናግራለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ከአፏ አይወጣም። ቤቱ ሦስት አግዳሚ ወንበርና አንድ ምድጃ ብቻ ነበረው። በፍስክ ቀን የበግ ወጥ፣ ረቡዕና ዓርብ ሽሮና ስልጆ አላት፤ ስልጆዋ ሰናፍጩ እንባ ያመጣል፣ አፍንጫ ይከፍታል። ከአልዩ አምባ በርበሬና ጨው በአህያ እየጫነ የሚመጣ አንድ እስላም ነጋዴም ደንበኛዋ ነበር። የክርስቲያን ሥጋ ስለማይበላ ሁልጊዜ ሽሮ ነው የሚቀርብለት፤ እሷም ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስትና ማማሰያ ለእሱ ለብቻው አስቀምጣለች። ሌላ ቤት ይህንን የሚያስብለት አልነበረም።

ይህች ሴት አንድ ልማድ ነበራት። ሳህኑን አስቀምጣ "ብሉ" ትልና ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። በልተን እስክንጨርስ ወደ እኛ አትዞርም። ውኃ ብንጠይቃት እንኳ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ነው የምታቀብለን። ደንበኞቹ ጨዋነት ነው ይሉ ነበር፤ አንዱ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ያሳደጋትን ሰው በየቀኑ ይመርቅ ነበር። እኔ ግን በልጅነቴ አንኮበር ገበያ ሸክላ የሚሸጡ ጠይቦችን አይቻለሁ። አጠገባቸው ሰው ቆሎ ሲቆረጥም እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ። ጠይብ ቡዳ ነው፣ ሲበላ ያየውን ሰው በዓይኑ ይበላዋል ይባላልና፣ መንደር ውስጥ የአንድ ሰው ሆድ በታመመ ቁጥር ድንጋዩ የሚወርደው በእነሱ ላይ ነው። ስለዚህ አለማየትን ከእናታቸው ይማራሉ። በሁለተኛው ቀን የነማን ልጅ እንደሆነች ገባኝ። ምንም አላልኩም። ወጡ ይጣፍጥ ነበር፤ ሁለት ዓመት በላሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ሆዴን አላመመኝም።

እንዲያውም አንድ ጊዜ ነፍሷን በእጄ አስያዘችኝ። ቤቱ ጭር ባለበት ሰዓት ጠጋ ብላ፣ ነጋዴው ወደ ቆላ ሲወርድ ከጭነቱ ሁለት ስልቻ በሶና ድርቆሽ የእሷ እንደሆነ ነገረችኝ። ቁልቁለቱ ላይ ለሚዋጉት አርበኞች ነው። የይለፍ ወረቀቱ ላይ ጭነቱን ገብስ ብለው ይጻፉልኝ አለችኝ። ጻፍኩ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም፤ ነጋዴው በመጣ ቁጥር ጻፍኩ። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። እሷ ብትታሰር እንደሷ የሚሠራ ሌላ ሰው ከተማው ውስጥ ስለሌለ ነው።

ከዚያ የቡና ቤቱ ነገር መጣ። አለቃዬ ጣልያን ዕቃ እንዳመጣለት ወደዚያ ቡና ቤት ላከኝ። በጓሮ በኩል ገባሁ። ወጥ ሠሪው ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ከየሳህኑ የተረፈውን ማካሮኒ በቆርቆሮ ጠራርጎ ሰጠኝ። ተቀበልኩት። ቆሜ በጣቴ በላሁት፤ ቀዝቅዟል፣ ግን ጣፈጠኝ። ጣቴን እየላስኩ ቀና ስል እሷ የእንቁላል ቅርጫት ይዛ የጓሮው በር ላይ ቆማለች። ለወጥ ሠሪው እንቁላል ታስረክብ እንደነበር አላውቅም ነበር። ድንገት ስለሆነባት ፊቷን ለማዞር አልደረሰችም።

በማግሥቱ ዝም ብል ምን ነበረበት? ምሳ ላይ እሷው ቤት ዓይኔን በጨው አጥቤ ማውራት ጀመርኩ። ጣልያኖቹ አክብረው እንዳስቀመጡኝ፣ ነጭ ጨርቅ ጉልበቴ ላይ እንዳነጠፉልኝ፣ ሹካ በምን በኩል እንደሚዞር ዘርዝሬ አስረዳሁ። ልብስ ሰፊው ጉርሻውን ይዞ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። ምናልባት ከእኔ በፊት እሷ ታወራብኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነው እንዲህ የቸኮልኩት። ሹካው ላይ ስደርስ ከግድግዳው በኩል፣ ሳትዞር፣ ቀስ ብላ ተናገረች።

"ቆመው አልነበረም እንዴ የበሉት?"

ክፋት የለበትም፤ ከዕለት ዕለት በሌላው ሰው ላይ ስቀልድ የምትሰማ ሴት ናት፣ አንድ ቀን ብትመልስልኝ ምን ይገርማል። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ነጋዴው ሳይቀር ሳቀ። ደሜ ፈላ። በዚያች ቅጽበት ከጣልያኑም ከወጥ ሠሪውም ይልቅ እሷን ጠላኋት። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁና እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ።

"ለካ ስበላ አይተሽኝ ኖሯል" አልኩ። "ከትናንት ጀምሮ ሆዴን የሚቆርጠኝ ምን ይሆን እያልኩ ነበር። እስቲ ንገሪን እትዬ፣ ሰው ሲበላ ፊትሽን የምታዞሪው ለምንድን ነው?"

ጀርባዋን ብቻ ነበር የምናየው፤ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ። ልብስ ሰፊው የጎረሰውን መዳፉ ላይ ተፋው። አንዱ ደንበኛ ገና ከበር ሳይወጣ ሆዱን ያዘ፤ ሌላው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ተከተለው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሳልዋሽ ልናገር ብያለሁና እናገራለሁ፤ ደስ አለኝ። ነጋዴው ብቻ ቁጭ ብሎ ሽሮውን እስከ መጨረሻው በላ፤ ሳህኑን በእንጀራ ጠረገና አላህ ይስጥሽ ብሏት ተነሣ። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

"ወላሂ፣ አንተ ሰው፣ ሰው የሚበላውስ ያንተ አፍ ነው" አለኝ።

በሳምንት ውስጥ ቤቱ ባዶ ሆነ። ከተማው በሙሉ ወጡን የሚሠራው ጠይቦች በሠሩት ድስት ነው፤ ውኃውን የሚቀዳው ጠይቦች በሠሩት እንስራ ነው፤ የጠይብ ልጅ የሠራችውን ወጥ የሚቀምስ ግን ጠፋ። ሁለት ዓመት የበሉት ሰዎች የድሮ ሕመማቸውን ሁሉ እያስታወሱ ለእሷ ሰጧት። የልብስ ሰፊው ጉልበት ሳይቀር ከእሷ የመጣ ሆነ። እኔም አሁንማ መግባት ስለማያምርብኝ ወደዚያች ውኃ ወጥ ወደምትሸጠው ሴት ተመለስኩ። ፊትህን ልታይ መጣህ ወይ ብላ ተቀበለችኝ። የሚገባኝን አገኘሁ፤ ወጡም እንደ ድሮው ነበር።

እትዬ ቤቷን ዘግታ የምትሄድበት አልነበራትም። የሚበላላት ሰው ስታጣ የጣልያን ካሚዮን ነጂዎች መምጣት ጀመሩ። እነሱ ጠይብ ምን እንደሆነ አያውቁም፤ እንቁላል ጥብስ አገኙ፣ ቤቱ ይሞቃል፣ ገቡ። እሷም ከረሃብ ይሻላል ብላ አበላቻቸው። ያኔ ደግሞ ከተማው የጣልያን ቀላቢ ብሎ ስም አወጣላት። ትናንት አንበላልሽም ያሏት ሰዎች ዛሬ ማን እንደበላላት ቆመው ይቆጥሩ ጀመር። ነጋዴው ግን በመጣ ቁጥር ሽሮውን ይበላል፣ ስልቻዎቹን ይጭናል፣ እኔም ገብስ ብዬ እጽፋለሁ። ከእሷ ጋር ቃል አንለዋወጥም፤ ወረቀቱን የሚወስደው እሱ ነው። አንድ ቀን ቁልቁለቱን ወርዶ ሳይመለስ ቀረ። መንገድ ላይ ተገድሎ ተገኘ አሉ፤ ማን እንደገደለው አልታወቀም። እኔ አልተናገርኩም። ለጣልያኖቹ ሳላሳብቅ መቅረቴን እንደ ትልቅ ደግነት ቆጥሬ ስጽናና ኖሬያለሁ።

ጣልያን ሲወጣ ወረቀቶቼን አቃጠልኩ። ለጠየቀኝ ሁሉ ልጆች ዳዊት ሳስተምር ነው የከረምኩት አልኩ፤ ወረቀቱን ለሰው በመስኮት የሚሰጠው ጣልያኑ ነበር፣ እኔ ከውስጥ ስጽፍ ያየኝ ጥቂት ነው፤ ሰውም በየራሱ ጉዳይ ተይዞ ስለነበር አልመረመረኝም። የአርበኞቹ አለቃ ከጣልያኖቹ መጋዘን ደጃፍ ወንበር አስወጥቶ ለጠላት ባደሩት ላይ መፍረድ ጀመረ። የይለፍ ወረቀት ጽፏል የተባለ አንድ የመንዝ ሰው ከሌላ ከተማ ታስሮ መጥቶ ሲገረፍ በዓይኔ አይቻለሁ። በሦስተኛው ቀን እትዬን አመጧት። እኔ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ከሰው መሃል ቆሜያለሁ።

ጠላትን ቀልበሻል ተባለች። አልካደችም፤ ሌላ የሚበላላት ሰው እንዳልነበረ ተናገረች። ከዚያ በነጋዴው አህዮች ስንቅ ትልክላቸው እንደነበር አስረዳች። አለቃው ይህንን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ።

"ስንቁ ይደርሰን ነበር፤ እውነት ነው" አላት። "በእሱ ነው ክረምቱን ያለፍነው። ግን ነጋዴው ከማን እንደሚያመጣ አንድ ቀን ነግሮን አያውቅም። አንቺ ለመሆንሽ የሚመሰክርልሽ ሰው አለ? አንድ ሰው ይበቃኛል።"

አንድ ሰው ነበር። ከእሷ ጥቂት እርምጃ ብቻ ርቄ ቆሜ ነበር። ሰዉን ስትቃኝ ዓይኗ እኔ ላይ ደረሰና ቆመ። ገብስ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብል እሷ ነፃ ትወጣለች፤ የት ሆነህ ጻፍክ መባሌ ግን አይቀርም። ይህንን እኔ አስቤ ሳልጨርስ እሷ አስባ ጨርሳ ነበር መሰለኝ።

"የሚያውቀው ሰው ሞቷል፣ ጌታዬ" አለች።

ከጉሮሮዬ አንድ ድምፅ ወጣ። ልናገር ነው ወይስ ትንፋሽ ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም። አለቃው ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አልክ?"

"ምንም ጌታዬ። ብርዱ ነው" አልኩ።

ጠጉሯ ተላጭቶ፣ ቤቷ ተወርሶ፣ ፀሐይ ሳያዘቀዝቅ ከከተማው እንድትወጣ ተፈረደባት። ልብስ ሰፊው ከሁሉ ቀድሞ እልል አለ። አለቃው ፍርዱ በጽሑፍ ይሁን አለና መጻፍ የሚችል አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም እጁን አላነሣም። ልጆች ዳዊት ያስተምራል ብለው ሰዎች እኔን ወደ ፊት ገፉኝ። ብዕርና ቀለም ቀረበልኝ። በዚያው እሷ በምታውቀው ጽሕፈቴ "ምስክር አልተገኘላትም" ብዬ ጻፍኩ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከሥሩ ፈረመች። ጽፌ ስጨርስ አለቃው ጽሕፈቴን አመሰገነና ከሰዎቹ ጋር ምሳ አስቀረበልኝ። ርቦኝ ነበር፤ በላሁ።