ሠርካለም ለወንድሟ የሰጠችው ፈቃድ

ሠርካለም ወረታ መናኸሪያ አጠገብ የከብት መድኃኒት ትሸጣለች። የእንስሳት ጤና ተምራ ሱቁን ስትከፍት የገበሬው ጥያቄ ፋታ ስለነሳት በስልኳ አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተች። ላሙ አልበላ ያለችውም፣ ወይፈኑ የጠፋበትም ገባ። በሁለት ዓመት አባላቱ ዘጠኝ ሺህ አለፉ።

ሰው ሲበዛ ስድቡም በዛ። ስለዚህ አባላቱን በየደረጃቸው ለየቻቸው። አብዛኛው ማንበብ ብቻ ይችላል፤ ጥያቄውን ለእሷ ይልካል፣ እሷ አይታ ታወጣለታለች። ያመነቻቸው ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በቀጥታ ይጽፋሉ። የመሰረዝና ለሌላው የመፍቀድ ሥልጣን ግን በእሷ እጅ ብቻ ነበር።

ታናሽ ወንድሟ ዓለምነህ የሰንጋ ነጋዴ ነው።

«እታለም፣ ለባዳ ፈቅደሽ ለእኔ ትከለክያለሽ?» ይላት ነበር።

«አንተ ስትቆጣ እጅህን አታውቀውም» ትለዋለች።

በግንቦት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰንጋ ሞተበት። ካፍንጫቸው ጥቁር ደም ይወርድ ነበር። ሠርካለም እንዳየች «አባ ሰንጋ ነው። ሥጋውን እንዳትነኩ፣ በጥልቅ ቅበሩት» አለች። እሱ ግን ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ከሳምንት በፊት በብረት ቀጥቃጩ በገሰሰ ደጅ ሲነዳቸው፣ ሽማግሌው ቀና ብሎ «ሲያምሩ!» ብሎት ነበር። ዓለምነህ ይህችን አንዲት ቃል ያዘ።

በዚያው ሰሞን ሠርካለም ጣራ ገዳም ለመሳለም ተነሣች። እዚያ ኔትወርክ አይገኝም። እናታቸው እማሆይ ደብሬ «ወንድምሽ ልቡ ተሰብሯል፤ እስቲ አንድ ነገር እመኚው» ብለው ለመኗት። እናትን እምቢ ማለት ከበዳት፤ ለሁለት ቀን ብላ ሙሉ ሥልጣኗን ሰጠችው።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ስትመለስ አዲስ ዘመን ከተማ ላይ ስልኳ ነፍስ ዘራ። ዓለምነህ ለዘጠኙም ሺህ ሰው የመጻፍ ፈቃድ ከፍቷል። ከላይ የገሰሰ ፎቶ ተለጥፏል፤ ከሥሩ «ከብታችንን የጨረሰው ቡዳ ይህ ነው። ቤቱ ከድልድዩ ማዶ ነው። ዛሬ ካልሆነ መቼ?» ይላል። ከዚያ በታች «መጣን» የሚል ብቻ ነው፤ መጣን፣ መጣን፣ መጣን።

ሥልጣኑን ነጠቀችው፣ ለሁሉም መጻፍ ዘጋች፣ ፎቶውን ከነጽሑፉ አጠፋች። ፖሊስ ጋ ደወለች። ከዚያ ወንድሟ ጋ።

«ተመለስ! ዓለምነህ፣ በማርያም ተመለስ!»

ከጀርባው ሁካታ ይሰማል። «ወጥተናል እኮ» ብሎ ዘጋባት።

ከወረታ በባጃጅ ገሰሰ ቤት ስትደርስ የሣር ክዳኑ እየነደደ ነበር። የገሰሰን ሚስት እማዋይሽን በጸጉሯ ይዘው በሩዝ ማሳው ጭቃ ላይ ይጎትቷታል። ገሰሰ በጉጠት የጋለ ማረሻ ይዞ ወናፉ አጠገብ ቆሟል፤ መቶ የሚሆን ሰው ከቦታል፣ የሚጠጋው ግን የለም።

«ልጆቼ፣ የምታርሱበትን የሠራሁላችሁ እኔ አይደለሁ?» አለ።

ድንጋይ ግራ ዓይኑን አገኘው። ማረሻው ከእጁ ወደቀ። ያን ጊዜ ዱላው ወረደበት፤ በራሱ፣ በጎድኑ፣ ፊቱን በሸፈነበት እጁ ላይ። አንዱ ደክሞት ሲያርፍ ሌላው ይተካል። እህል የሚወቁ ይመስሉ ነበር።

ሠርካለም በሰው እግር መሐል ሾልካ ሽማግሌው ላይ ተደፋች። «አባ ሰንጋ ነው! በሽታ ነው! እኔ አይቸዋለሁ!» ብላ ጮኸች። የሰማት የለም። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰበር በጆሮዋ ሰማችው። ቀና ስትል፣ ሁለተኛውን ሊያሳርፍ ዱላውን ያነሣው ዓለምነህ ነበር።

«እታለም?» አለ።

የእሱ እጅ አየር ላይ ቀረ፤ የሌሎቹ አልቀረም። ፖሊስ ደርሶ ጥይት ወደ ሰማይ እስኪተኩስ ጫማና ዱላ ሲወርድባት ቆየ።

ገሰሰ አልሞተም። ግራ ዓይኑ ግን ጠፋ፤ የቀኝ እጁም ሦስት ጣቶች ተቆረጡ።

ፍርድ ቤት ዓለምነህ «ፈቃዱን የሰጠችኝ እሷ ናት» አለ።

ዳኛው ጠየቋት። ክንዷ በፋሻ ታስሮ ነበር። «እውነቱን ነው» አለች፤ «ጠባዩን እያወቅሁ ሰጠሁት። የጻፈውንም ከማጥፋቴ በፊት ቀድቼ አስቀርቼዋለሁ።» ስልኳን አስረከበች። ወንድሟ ስድስት ዓመት ተፈረደበት። እናቷ ከችሎቱ ሲወጡ «አንድ ማሕፀን ነበር ያደራችሁበት» አሏት፤ ከዚያ ወዲህ ደጇን ረግጠው አያውቁም።

ባልና ሚስቱ ወደ ይፋግ ተሰደዱ። ሠርካለም ከአራት ወር በኋላ ፈልጋ አገኘቻቸው። ገሰሰ መዶሻውን በግራ እጁ እየለመደ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ አያ ገሰሰ። በእኔ ነው የመጣብዎ።»

መዶሻውን አስቀመጠ። «ከላዬ ተደፍተሽ ባይሆን ዛሬ የለሁም፤ አውቃለሁ» አለ። «ይቅርታውን ግን ገና አላገኘሁትም። ድምፅሽን ስሰማ ያች ቀን ትመጣብኛለች። ሂጅ ልጄ።»

እማዋይሽ እስከ አስፋልቱ ሸኘቻት። መኪና ሲመጣ በሩን የከፈተችላት እማዋይሽ ናት፤ የሠርካለም ክንድ ከወገብ በላይ አይነሣም።