ሳጥኑ መስኮት ነበረው

እናቷ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ልጄ ሆስፒታል ነው የምትሠራው» ይሉና ወሬውን እዚያው ላይ ይቆርጡታል። ምን እንደምትሠራ ማስረዳት ከተጀመረ መመለሻ የለውማ። ታላቅ ወንድሟ ግን አፉ አያርፍም። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ «የኛዋ እኮ ስትጫወት ውላ ደመወዝ የምትቀበል ናት፤ እኔ ስጫወት ባመሽ ሚስቴ በሩን ትዘጋብኛለች» እያለ ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች። ክርክር አይሆንላትም።

ሥራዋ በእርግጥም ጨዋታ ነው። ብዙ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት ስታስተምር ኖራ፣ ኋላ ላይ ሠልጥና ሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ገባች። መርፌ የሚወጋ ልጅ አስቀድሞ አሻንጉሊቱን ይወጋል፤ እግሩ በጄሶ የሚታሰር ልጅ አስቀድሞ የድቡን እግር ያስራል። ልጆቹ «እትዬ ጨዋታ» ይሏታል። የማትጥሰው ሕግ አንድ ነው፤ ልጅ አትዋሽም። የሚያመውን «አያምም» ብላ አታውቅም። «ያማል፣ ከዚያ ይተዋል። ማልቀስ ይቻላል፤ መንቀሳቀስ ብቻ ነው የማይቻለው» ነው የምትለው። ነርሶቹ መጀመሪያ ላይ ልጅ ታስፈራለች ብለው አጉረምርመውባት ነበር። ዛሬ ደም ሥሩ አልገኝ ያለ ልጅ ሲያስቸግራቸው ቀድመው የሚጠሩት እሷን ነው።

በዚያ ሰሞን «ዳኛዋ» የሚሏት የስድስት ዓመት ልጅ ክፍሉ ውስጥ ተኝታ ነበር። ስሙን ያወጡላት ነርሶቹ ናቸው። ልጆች በአሻንጉሊት ሲጣሉ፣ አልጋዋ ላይ ሆና «መጀመሪያ ማን ያዘው? ማን አየ?» ብላ ምስክር ሰምታ ነበር የምትፈርደው። ጀርባዋ ላይ፣ ከአጥንቷ ሥር የበቀለ እብጠት እግሯን እያዛለባት ነበር። ሆስፒታል ስትገባ ታነክስ ነበር፤ እያደር ግድግዳ ካልያዘች መራመድ አቃታት። ሐኪሙ እብጠቱ ምን እንደሆነና እስከ የት እንደዘለቀ በኤምአርአይ ማሽን ሳያይ መድኃኒት መጀመር አልቻለም። ሌላ ልጅ ቢሆን በማደንዘዣ አስተኝተው ያነሱት ነበር። የእሷ ደረት ግን በሳል ተይዟል፤ ማደንዘዣ ሰጪዋም ለምስል ብዬ እንዲህ ያለ አደጋ ውስጥ አልገባም አለች። ስለዚህ ልጅቱ ነቅታ፣ በማሽኑ ጠባብ ዋሻ ውስጥ፣ ጩኸቱን ሁሉ እየሰማች ሳትነቃነቅ መተኛት ነበረባት። ካልቻለች ደረቷ እስኪሻላት መጠበቅ ነው። እግሯ ግን የሚጠብቅ አይመስልም።

እትዬ ጨዋታ ከዕቃ ክፍል ትልቅ የማቀዝቀዣ ካርቶን ለምና አመጣች። ማሽኑን እንዲመስል በነጭ ወረቀት ለበጠችው፤ ልጅቱ ስትገባ እንዳትደነግጥ እጇን ይዛ ለማባበል ከጎኑ መስኮት ቀደደች። የማሽኑን ድምፅ በስልኳ ቀድታ መጣችና «ድንጋይ» የሚባል ጨዋታ ፈጠሩ፤ ድምፁ እስኪያበቃ ድረስ ድንጋይ መሆን። ዳኛዋ መጀመሪያ ሳቋ እያመለጣት ተሸነፈች። በኋላ ግን ካርቶኑ ውስጥ ተጋድማ ዝም ስትል እውነትም ድንጋይ ሆነች።

ቀኑ ደረሰ። አናጺው አባቷ ብረት የሌለበትን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ ወደ ማሽኑ ክፍል አስገባት። ልጅቱ ማሽኑን ካንድ ጎን አየችው፣ ወንበሩን በሌላው ጎን አስዞረችና ደግማ አየችው።

«መስኮቱ የታለ?» አለች።

አባትየው ፈጠን ብሎ፣ «አለ እኮ የኔ ልጅ፣ በወዲያ በኩል ነው» አላት።

እሷ አባቷን አልመለከተችም። «እትዬ፣ አለ?»

እትዬ ጨዋታ የማሽኑን ድፍን ጎን አየች። ማታ ማታ ያን ካርቶን ስትለብጥ፣ ስታሳምር፣ ይህ አንድ ጊዜም አልታያትም።

«የለም» አለች። «እጅሽን ልይዝበት ብዬ እኔ ነኝ የቀደድኩት።»

«ታዲያ ሳጥኑ ዋሽቷል።»

«ሳጥኑ ምን አደረገ። የዋሸሁሽ እኔ ነኝ፣ ሳላስበው።»

ዳኛዋ የወንበሩን ክንድ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። አባትየው ላብ በላብ ሆኖ፣ ግድ ከሆነ እኔ አጥብቄ እይዛታለሁ አለ። የማሽኑ ባለሙያ፣ ቁመተ ረጅም ሰው፣ በጉልበት የተያዘ ሰው ይንፈራገጣል፣ ምስሉም ይበላሻል፣ ውጪ ደግሞ ሌሎች ተሰልፈዋል ብሎ በሩን አየት አደረገ። ልጅቱ ግን ገና እየመረመረች ነበር።

«አንቺ ገብተሽ ታውቂያለሽ?»

እትዬ ጨዋታ ገብታ አታውቅም። እንኳን እዚህ ውስጥ፣ አሳንሰር ውስጥ እንኳ አትገባም። አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ስትወጣ ያዩ ባልደረቦቿ ውፍረት ልትቀንስ ይመስላቸዋል።

«አላውቅም። እፈራለሁ» አለች።

«እንግዲያው መጀመሪያ አንቺ ግቢ።»

ባለሙያው ሊከለክል አፉን ከፈተና የልጅቱን ፊት ሲያይ መልሶ ገጠመው። ማሽኑን ማስነሣት የለም፣ አልጋውን ብቻ አስገብቼ አወጣዋለሁ አለ። እትዬ ጨዋታ ጉትቻዋን አውልቃ፣ ኪሷን አራግፋ፣ ጫማዋን አውጥታ ተጋደመች። አልጋው ተንሸራተተ። ጣሪያው መጥቶ አፍንጫዋ ሥር ቆመ። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ። አውጡኝ ልትል ስትል፣ የወንበሩ ጎማ ሲንኳኳ ሰማች፤ ከዚያ ትንሽ፣ ሞቃት እጅ የእግሯን አውራ ጣት ያዘ።

«ማልቀስ ትችያለሽ» አለች ልጅቱ። «መንቀሳቀስ ብቻ ነው የማይቻለው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «እትዬ፣ መስኮቱን አገኘሁት። በእግር በኩል ነው።»

ያን ቃል ለስንት ልጅ ስትናገረው ኖራለች። ከታች ሆነው ሲሰሙት ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ምን ያህልም እንደሚያጸና የገባት ገና ያን ዕለት ነው። ዓይኗን ጨፍና አንዲት ጣቷን ብቻ እያሰበች ተኛች። አልጋው ወጣና ወረደች። ልጅቱም ክንዶቿን ወደ አባቷ ዘርግታ «አንሣኝ» አለችው።

አባቷ አልጋው ላይ አጋደማት፤ ባለሙያው የጆሮ መሸፈኛ አደረገላትና ማሽኑ ተነሣ። ደበደበ፣ አገሳ፣ ጸጥ ብሎ እንደገና ደበደበ። እትዬ ጨዋታ ከእግርጌ ቆማ ያቺን የባቄላ ፍሬ የምታህል ጣት ያዘች። ጣቲቱ ሞቃት ነበረች፤ አልተነቃነቀችም። የልጅቱ ሆድ በቀስታ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል እንጂ ሌላው አካሏ ሁሉ ድንጋይ ነው። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ ልትል አልደፈረችም። አንድ ትልቅ ነገር እጇ ውስጥ ተቀምጦባት፣ እንዳይደፋ የምትጠነቀቅ መሰላት።

አልጋው ወደ ውጭ ሲንሸራተት ባለሙያው ከመስታወቱ ወዲያ ብቅ አለ። እንዲህ የጠራ ምስል ከትልቅ ሰው እንኳ ማግኘት ይቸግራል፣ ሐኪሙ ዛሬውኑ ሊያየው ይችላል አለና፣ ያ ሁሉ ችኮላው ጠፍቶ እጁን አጣምሮ ቆመ።

እትዬ ጨዋታ የጆሮ መሸፈኛውን ከልጅቱ ራስ ላይ ስታወልቅ ስፖንጁ ርሶ፣ ብትጨምቀው የሚንጠባጠብ ሆኖ አገኘችው። እንባዋ ከዓይኗ ጠርዝ በጎንና በጎን እየወረደ፣ ጆሮዎቿ ውስጥ ሲጠራቀም ነበር የቆየው። አንዴም እጇን አንሥታ አልጠረገችውም።

«ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገባ» አለች ዳኛዋ።

እትዬ ጨዋታ «ጎበዝ» ልትላት ነበር። ቃሉ አነሰባት። የጋውኗን ጫፍ በጣቷ ጠቅልላ፣ እንደ ስስ ብርጭቆ እየተጠነቀቀች፣ አንዱን ጆሮ፣ ከዚያም ሌላውን አደረቀችላት።