የስልሳ ሦስት ዓመቷ ቡቃያ

ስፌት ቤት በሞላበት በቻንግሺን ዳገት ላይ ጉ ማልሱንን የማያውቅ የስፌት መኪና የለም። ሰውማ አንዳንዱ ላያውቃት ይችላል። እኔ ከጥገና ሱቋ ቀጥሎ ባለው ስፌት ቤት ካውያ ተኳሽ ነኝ። ሁለታችንም በየሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል ነው የምንኖረው፤ በመሃላችን ያለችው ግድግዳ በጣም ስስ ስለሆነች ስታስነጥስ «ይማርሽ» እላታለሁ። ስለዚህ የማወራው በወሬ ወሬ የደረሰኝን አይደለም።

ሥራው የባሏ ነበር። እሱ ሲሞት ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ «ሱቁን ሽጪና ወደ እህትሽ ሂጂ» አላት። እሷ ግን የባሏን ካቻቢቴ አንስታ ገባችበት። ያኔ ቡሎን የሚፈታው ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ አታውቅም ነበር። ያስተማራት «የመርፌ ሐኪሞች» የሚባል፣ አባላቱ «ቤት» የሚሉት የኢንተርኔት መድረክ ነው፤ ከየከተማው የስፌት መኪና የሚጠግኑ ሰዎች ተሰብስበው የሚጠያየቁበት። እዚያ ቤት ማንም በስሙ አይጠራም፣ የሰው ስም መጠየቅም ነውር ነው። እሷ «ጠብታ ዘይት» ተባለች። ሌት ተቀን ሳይታክት ያስረዳት ደግሞ «ግራጫ ሽመላ» የሚባል ሰው ነበር። የት እንደሚኖር፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ አታውቅም። ወንድ መሆኑንም የገመተችው ከግትርነቱ ነው።

በዚያ ቤት አባላቱ በየማለዳው መኖራቸውን የሚያሳውቁበት ገጽ ነበራቸው። «አለሁ» አይሉም፤ «ዘይት ጠጥቻለሁ» ነበር የሚሉት፣ መኪና ሥራ ከመጀመሩ በፊት ዘይት ስለሚጠጣ። ሁልጊዜ የሚቀድመው ሽመላ ነው። ማልሱን እሱን ለመቅደም ጎህ ሳይቀድ ትነሳለች፤ ገጹን ስትከፍት ግን ቀድሟት ታገኘዋለች። «ይሄ ሰውዬ እንቅልፍ የሚባል አልፈጠረበትም እንዴ!» እያለች ስትነጫነጭ ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ እስቃለሁ። እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት ኖሩ። ፊቱን አይታው ከማታውቀው ሰው ጋር መነጫነጭ ከመልመዷ የተነሳ ያለ እሱ ቀኗ አይጀምርም ነበር።

ባለፈው መኸር ሽመላ ጻፈላት፦ «ዓይኔ እያስቸገረኝ ስለሆነ ልታከም ሆስፒታል ልገባ ነው። እስክመለስ አንደኛነቱን አደራ።» ማልሱን አደራውን ተቀብላ በየማለዳው አንደኛ ትወጣ ጀመር። እሱ ሳይመለስ ግን የቤቱ ባለቤት ዕድሜው መግፋቱን ተናግሮ ቤቱን ሊዘጋ እንደሆነ አስታወቀ። አንዳንዱ አባል «በቃኝ» ብሎ ቀረ፤ አንዳንዱ በስልክ የሚወራበት ትንሽ ቡድን ውስጥ ገባ። ማልሱን ለሽመላ ደጋግማ ጻፈች፣ የሚያነበው ግን አልነበረም። ከዚያ ቤቱ ተዘጋ። ያን ቀን በራፌ ላይ መጥታ ቆመችና አለቀሰች። ባሏን ስትቀብር እንኳ እንዲህ ስታለቅስ አላየኋትም።

«ጉምሂ፣ ዓይኑ በርቶለት ሲመለስ ቤቱን ፈርሶ ያገኘዋል» አለችኝ። «ስሙን አላውቅ፣ ስልኩን አላውቅ። በየት ብዬ ልፈልገው?»

«አይ እትዬ ማልሱን፣ እሱስ ቢሆን ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

አፍንጫዋን ጠረገች። «አይቀመጥም። ያ ግትር! ሌላ ቤት ይፈልጋል። እንግዲያው የሚገባበት ቤት ቀድሜው ገብቼ መጠበቅ ነው።»

ማልሱን እንዲህ ናት፤ አልቅሳ ስትጨርስ ወደ ሥራ ነው። አንድ ቤት ሞከረች፣ ዕቃ ሻጭ ብቻ የሞላበት ሆነ። ሌላ ሞከረች፣ ሲሰዳደቡ የሚውሉ ሆኑ። በመጨረሻ «የአያቴ መኪና» የሚባል አገኘች፤ ወጣቶች የድሮ ስፌት መኪና እያነሱ የሚያድሱበት ሰፊ ቤት ነው። ስለ ስፌት መኪና የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚደርሰው እዚያ በር ላይ ነው። «ሽመላ ከመጣ የሚመጣው እዚህ ነው» አለች።

መግቢያው ላይ ጥያቄ አለ፦ ከመርፌው ሥር ጨርቁን የሚጫነው ብረት ምን ይባላል? ማልሱን ሳቀችና «ኦሳኤ» ብላ ጻፈች። በዚህ ዳገት ላይ ከአለቃ እስከ ተላላኪ ሌላ ስም የሚያውቅለት የለም፤ ጃፓኖች አገራችንን ከገዙበት ዘመን የተረፈች የስፌት ቤት ቃል ናት። ማመልከቻዋ ተመለሰ።

«እኔን! እኔን ወደቅሽ አሉኝ!» ግድግዳው ተንቀጠቀጠ።

«በመጽሐፍ ላይ ስሙ ሌላ ነው እኮ፣ እትዬ። ምራቴ "የሚዳቋ እግር" ስትል ሰምቻለሁ።»

«ሚዳቋ? ሚዳቋ ስፌት ቤት ምን ትሠራለች?»

እያጉረመረመች «የሚዳቋ እግር» ብላ ጻፈችና በዚያው «ጠብታ ዘይት» በሚለው ስሟ ገባች። በድሮው ቤት ከስሟ አጠገብ የነባር አባል ምልክት የሆነ የወርቅ ዘውድ ነበር። እዚህ ሁለት ቅጠል ያላት አረንጓዴ ነገር ለጠፉባት። አዲስ አባል «ቡቃያ» ነው የሚባለው፣ ዕድሜ አይጠየቅም። ሆዴን ይዤ ሳቅሁባት።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ዘውድሽን ሳለሽ ብትሸጪው ይሻል ነበር» አልኳት።

«አንቺ ካውያሽን ተኩሺ!» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ልጅ «መኪናዬ ክር እየበጠሰ አስቸገረኝ» ብሎ ጠየቀ። ማልሱን ዘርዝራ መለሰችለት። ቤቱን የምታስተዳድረው «ሰማያዊ ክር» የምትባል ልጅ ወዲያው መልሱን አጠፋችና «ቡቃያዎች በዚህ ክፍል መጻፍ አይፈቀድላቸውም፤ እናመሰግናለን» ብላ የአበባ ሥዕል ለጠፈችላት። ማልሱን ቀኑን ሙሉ አበባውን ስትረግም ዋለች። በማግስቱ ደንቡን አነበበች። ለቡቃያ የተፈቀደው በየማለዳው መገኘትን የሚያስመዘግቡበት ገጽ ብቻ ነበር። «ለእኔም የሚያስፈልገኝ እሱ ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ከሁሉ ቀድማ «ዘይት ጠጥቻለሁ» ብላ ጻፈች። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው፤ ያቺን ቃል ያየ የድሮ ሰው አያልፋትም ብላ ነው። ልጆቹ ግን ምን እንደሆነ ግራ ገባቸው። አንዱ «እትዬ፣ የሰሊጥ ነው የሚጠጡት?» አላት። ሌላው ተከተለና «እኔ ሾርባ ጠጥቻለሁ» አለ። ቀስ በቀስ ለመዷት፤ እሷም ለመደቻቸው። አበባ ለጣፊዋን እንኳ መውደድ ጀመረች። ብርዱ ገብቶ በረዶው ዳገቱን ሲሸፍነው ግን ከድሮው ቤት አንድም ሰው አልመጣም። «ከነጭራሹ ዓይኑ ባይድንስ?» አለችኝ አንድ ቀን። ማልሱንን ፈርታ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው፤ እኔም ፈራሁላት።

በዚያው ሰሞን የቤቱ ሰዎች ማንግዎን ሰፈር በአካል ተገናኙ። ቡቃያም ይጋበዛል። ማልሱን ኪምባፕ የሚሉትን የሩዝ ጥቅል ሠርታ እኔን እየጎተተች ሄደች። ሰማያዊ ክር ፀጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ጣቶቿ ግራሶ የነካቸው ልጅ ሆና ተገኘች። መሃል ላይ የተፈታታ መኪና ነበረና ማልሱን ሳታስበው «እስቲ ኦሳኤውን ከፍ አድርጊው» አለቻት።

ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። «እርስዎም እትዬ? ያቺን ቃል የሚጽፍ አንድ ሰውዬ ገደለኝ እኮ! ሁልጊዜ ይመጣል፣ "ኦሳኤ" ይጽፋል፣ እመልሰዋለሁ፤ እንደገና መጥቶ እሷኑ ይጽፋል። ሊያበሽቀኝ ነው ብዬ ተውኩት።»

ማልሱን ኪምባፕ የያዘ እጇ አየር ላይ ቀረ። «ማን ነኝ ይላል?»

«ኧረ ልብ አላልኩትም፣ የተመለሰውን አጠፋዋለሁ።»

«ስሚ ልጄ። ያ ሰውዬ አልተሳሳተም። መልስሽን ቀይሪው።»

«እንዴ፣ የጃፓን ቃል እኮ ናት! እኛ እነዚህን ቃላት ከስፌት ቤት ለማውጣት ነው የምንለፋው።»

«አውጪያት። እኔም ከዛሬ ጀምሮ ሚዳቋ እላለሁ፣ ከፈለግሽ እንደ ሚዳቋም እዘላለሁ። በእሷ እንጀራ የበሉትን ሰዎች ግን በር ላይ አታስቀሪያቸው። አስገቢውና ከገባ በኋላ አስተምሪው።»

«እምቢ ብሎ ያስቸግረኛል።»

«ያስቸግርሻል» አለች ማልሱን፣ ፊቷ በርቶ። «በጣም ያስቸግርሻል።»

ልጅቷ እኔን አየች፣ ማልሱንን አየች። ከዚያ ጣቷን በጨርቅ ጠርጋ ስልኳን አወጣችና ሁለቱም መልሶች ትክክል እንዲሆኑ አደረገች። «እንግዲህ እንደገና ከመጣ ነው» አለች።

«ይመጣል» አለች ማልሱን። ወደ ቤት ስንመለስ ግን ባቡሩ ውስጥ ጥርጣሬ ገባኝ። ሌላ ግትር ሽማግሌ ቢሆንስ? እሷም ይህንኑ ሳታስብ አልቀረችም።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ማለዳ ካውያዬ ገና ሳይሞቅ ከግድግዳው ማዶ ጩኸት ሰማሁ። ወድቃ መስሎኝ በነጠላ ጫማ በረዶውን እየረገጥኩ ሮጥኩ።

«ቀደመኝ! ይሄ ሌባ ቀደመኝ!»

ኮምፒውተሩ ፊት ቆማ በእጇ ጠረጴዛውን ትደበድባለች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሷል፣ አፏ ግን ይስቃል። ጎንበስ ብዬ አየሁ። በዕለቱ ገጽ፣ ከሁሉም በላይ፣ ሁለት ቅጠል ያላት ቡቃያ ከአጠገቡ ያለችበት «ግራጫ ሽመላ» የሚል ስም ነበር። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ዘይት ጠጥቻለሁ። አደራዬን ተረክቤያለሁ።»

እኔም አለቀስኩ፤ ምን እንደሚያስለቅሰኝ እንጃ፣ ሰውየውን አላውቀው። ማልሱን ተቀመጠችና ከሥሩ «ዘይት ጠጥቻለሁ» ብላ ጻፈች፤ ሁለተኛ።

«ዓይኑስ? ዳነ ይላል?» አልኳት።

«አንደኛ ወጥቷል እኮ» አለችኝ። «ያያል።»