ከነፕላስቲካቸው

ማክሰኞ ዕለት የአማርኛ መምህራችን ክፍል ገብተው ገና ጠመኔ ሳያነሱ ስሜን ጠሩና፣ የሰኔ ወር የግድግዳ ጋዜጣ የመጀመሪያው ዓምድ ለእኔ እንደተሰጠ፣ ያውም በእጅ ጽሑፍ ሳይሆን በታይፕ ተመትቶ እንደሚለጠፍ በሁሉም ፊት ተናገሩ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ያስተማሩትን አልሰማሁም። እስከ ዘንድሮ ድረስ ድርሰት ጻፉ ሲባል ወረቀቱ ላይ ስሜን ብቻ ጽፌ እቀመጥ ነበር፤ አሁን ግን እስክሪብቶ ስይዝ ቃላቱ እንደ ቀበሌ ሱቅ የስኳር ወረፋ ተሰልፈው የሚጠብቁኝ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ የእኔዎቹ አይጋፉም።

የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ተበትኖ የቀረው የሰፈራችን የችግኝ ኮሚቴ እንደገና ተሰባስቦ እሑድ ሊተክል ስለሆነ፣ ተማሪውን የሚጋብዝ አንድ ደስ የሚል ጽሑፍ ማዘጋጀት። «አንቺ እዚያው ሰፈር አይደለሽ? ትዝታ ካለሽ ጨምሪበት» አሉኝ መምህራችን።

ለእናቴ ልነግራት እየሮጥኩ ከጳውሎስ ወደ ዊንጌት በሚወስደው መንገድ ስወርድ፣ ችግኞቹ ከጭነት መኪና ወርደው በጋሽ ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ ተደርድረው አገኘኋቸው። የረጠበው ጥቁር አፈር ሽታ ፀሐይ ከመታው ፕላስቲክ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ ቀጥ አለ፤ እዚያው ቆሜ ተመልሼ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሆንኩ፣ ደስታዬም ከላዬ ላይ ሲወርድ ተሰማኝ።

ኮሚቴውን የመሠረቱት ጋሽ ሸምሱ ናቸው። ባለሱቅ ናቸው፤ ሻማው፣ ጨዉ፣ ምላጩ፣ ደብተሩ፣ ሁሉም በትንሽ በትንሹ ከእሳቸው ዘንድ ይገኛል። ተወልደው ያደጉበት የጉራጌ አገር ቤቱ ሁሉ በእንሰትና በዛፍ የተከበበ ነውና፣ ከሱቃቸው ጀርባ ያለውን ራቁቱን የቀረ ዳገት ባዩ ቁጥር የታረዘ ሰው እንዳየ ያፍሩ ነበር። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጎርፉ ቀዩን አፈር ጠርጎ በበራቸው ይገባና ሳሙናቸውን ጭቃ ያደርግባቸዋል። እናም በዚያ ዓመት፣ ስብሰባ ሁሉ በመመሪያ በሚጠራበት፣ የቀረ ሰው ስሙ በሚመዘገብበት ሰፈር (ይህን መስመር መምህራችን ይሰርዙት እንደሆነ አላውቅም)፣ ጋሽ ሸምሱ ማንም ሳያዛቸው ቤት ለቤት ዞረው «የፈለገ ይምጣ፣ ያልፈለገ ይተኛ» አሉ። የሚገርመው ማንም አልተኛም። እናቶች ነጠላቸውን አገልድመው ቆፈሩ፤ ወደ ሆስፒታል ምሳ ዕቃ ይዘው የሚያልፉ አስታማሚዎች ሳይቀሩ ዕቃቸውን አስቀምጠው አንድ ሁለት ችግኝ ተክለው ይሄዱ ነበር፤ ለበሽተኛቸው ምርቃት የሚሆን ይመስላቸው ነበር መሰለኝ።

ጋሽ ሸምሱ መሃል ላይ ቆመው አሳዩን። ፕላስቲኩን ከላይ እስከ ታች በምላጭ ቀደው፣ አፈሩ እንዳይፈርስ እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጡትና ዙሪያውን ቀስ ብለው በእግራቸው ረገጡት። «ልጆች፣ ከነልብሱ ከቀበራችሁት ሥሩ መሄጃ የለውም፣ እሺ?» «እሺ ጋሽ ሸምሱ!» አልን፤ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ለእኛ ለሰባት ልጆች የደረሰን ከዳገቱ የላይኛው ረድፍ ነው። ጣታችንን እንዳንቆርጥ ተብሎ የተሰጠን አንድ ምላጭ ብቻ ነበርና እሱም ታች ከትልልቆቹ ዘንድ ቀርቷል፤ ደመናው በእንጦጦ በኩል ጠቁሮ እየወረደ ነው፤ እኔ ደግሞ የእኛ ረድፍ ቀድሞ እንደሚያልቅ ለሁሉም ፎክሬያለሁ። ወርጄ ምላጩን ባመጣ ኖሮ የምዘገየው አምስት ደቂቃ ነበር። አልወረድኩም። ችግኙን ከነፕላስቲኩ ጉድጓዱ ውስጥ ዶልኩትና ቀና ብዬ፣ «እዚህ ላይ ዳገት ስለሆነ ውሃ አይቆምም፤ ፕላስቲኩ ውሃ ይይዝለታል» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ብቻ አነጋገሬ የአስተማሪ ነበር። ስድስቱም አመኑኝ። ዝናቡ ሲጀምር ረድፉ አልቆ፣ ጋሽ ሸምሱ ከታች ሆነው እጃቸውን በግንባራቸው ላይ ጋርደው «አይ የላይኛዎቹ! አንበሶች!» ብለው ሲጮሁ ሰው ሁሉ አጨበጨበልን። ያንን ጭብጨባ ወደድኩት። ዛሬም ሳስታውሰው መጀመሪያ የሚመጣብኝ ማፈሬ ሳይሆን ደስ ማለቱ ነው፤ በዚህም አፍራለሁ።

ክረምቱን ሙሉ ችግኞቹ አረንጓዴ ሆነው ከረሙ። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ኅዳር ላይ፣ የታችኞቹ እንደቆሙ የላይኛው ረድፍ በሙሉ ቡናማ ሆነ። አንድ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ማንም እንዳያየኝ ዞር ዞር ብዬ አንዱን ነቀልኩት። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ዙሪያውን ሲዞር ከርሞ እንደ ክር ኳስ ተጠቅልሏል። መልሼ ቀበርኩትና አፈሩን ረግጬ ሄድኩ።

በዚያው ሳምንት ለስብሰባ ተጠራን። ከዳገቱ ራስ ላይ እማማ ተዋበች የሚባሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ የሁለት ፍየሎች ወተት ለጎረቤት እየሸጡ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። ትልቋን ፍየል «ኮሚቴ» ብለው ነው የሰየሟት፤ ለምን ሲባሉ «ሳትጠራ ደጅ ሁሉ ትደርሳለች፣ ደርሳም አፏ ባዶውን አይመለስም» ይሉ ነበር። ቀልዱን ያልወደዱለት ሰዎች ነበሩ። እና ያን ቀን አንዱ ተነስቶ ችግኙን የጨረሱት ፍየሎቹ ናቸው አለ፤ ሌላውም ደገመው።

እማማ ተዋበች ከወንበራቸው ተነሱ። «ኮሚቴ ቅጠል ትቀጫለች እንጂ ቅጠሉን እንደያዘ ቆሞ የሚደርቅ ነገር ከእሷ አይመጣም! ፍየል ዓይን ያወጣች ናት፣ የበላችውን አትደብቅም። አንዱን ነቅላችሁ እዩት እስቲ!»

ሰው ሳቀ። ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም፤ ከፊት መደዳ የተቀመጥነውን ልጆች ተመለከቱና «የላይኛው ረድፍ የእናንተ ነው። አንቺ ልጅ፣ ያየሽው ነገር አለ?» አሉኝ። እኔን ነው የጠየቁት፣ በጣታቸው ጠቁመው። ተነሳሁ። «ፍየሎቹን እዚያ አይቻቸዋለሁ» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ በየቀኑ በዚያ ያልፋሉ። «ይኸው፣ ልጅቷም አይታለች!» አለ አንዱ ከኋላ። ማንም ምንም አልነቀለም፤ የመሠረተ ትምህርት ሰዓት ደርሷል ተባለና ፍየሎቹ ከሰፈር ይውጡ በሚለው ላይ እጅ ወጣ። እናቴም አወጣች።

እማማ ተዋበች ከሰፈር ውጭ ፍየሎቹን የሚያስሩበት ቦታ አልነበራቸውምና ወስደው ሸጧቸው። ከዚያ በኋላ ልብስ አጣቢ ሆነው በየቤቱ ዞሩ፤ ቀልዳቸውም ቀረ። ሰዉም እርስ በርሱ ተኳርፎ ለሁለተኛው ክረምት ማንም መቆፈሪያ ይዞ አልወጣም። የታችኞቹ ጥዶች ዛሬ ከእኔ ቁመት በላይ ናቸው፤ የእኛ ረድፍ የነበረበትን ጎርፍ ሰንጥቆት ሰው የሚውጥ ቦይ ሆኗል፤ ትንንሾቹ ልጆች ትምህርት ቤት ለመሄድ እሱን ለመዞር የሚሄዱት መንገድ የት የለሌ ነው። የእኛ ችግኞች ቢጸድቁ ኖሮ ዘንድሮ ጥላቸው ሥር ተቀምጠን እናጠና ነበር። ብዙ ጊዜ አስልቼዋለሁ፣ ሁልጊዜም የሚመጣልኝ ያው አምስት ደቂቃ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ችግኞቹ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ፣ ጋሽ ሸምሱ ከሱቃቸው ብቅ ብለው ፈገግ እያሉ «ዘንድሮ እኮ ይጸድቃል፣ ፍየል የለም!» አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ አምነውኛል። ዳገቱን ወጣሁ።

እማማ ተዋበች ደጃፋቸው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። «አንቺ የአስካለ ልጅ፣ እንዴት አድገሻል!» ካሉኝ በኋላ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ምላጩን፣ ፕላስቲኩን፣ የነቀልኩትን፣ መልሼ የቀበርኩትን። ጣታቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«ነቅላችሁ እዩት ስል ከፊቴ ተቀምጠሽ ነበር» አሉኝ በመጨረሻ።

«አዎ እማማ።»

«አውቀሽ።»

«አዎ። ይቅርታ ያድርጉልኝ ብዬ ነው። ለግድግዳ ጋዜጣ ልጽፈው ነው፣ ሁሉም እንዲያነበው።»

«ጻፊው፣ ማን ከለከለሽ! ግን የፈረዱብኝ ሰዎች ትምህርት ቤትሽ ገብተው ግድግዳ ያነባሉ? እኔስ አነባለሁ? ሰው ፊት አቁመውኝ እጅ እያወጡ ነው ያስወጡብኝ፤ አንቺ ደግሞ ለብቻዬ መጥተሽ ጆሮዬ ላይ ታንሾካሹኪያለሽ።» ምስሩን ወደ ጎን አደረጉት። «ይቅርታውን እሑድ እንየው። ለተማሪዎቹ ንገሪያቸው፣ ወላጆቻቸውን ይዘው እዚህ ደጄ ይምጡ። እዚያው ሰው ፊት ትነግሪያቸዋለሽ።»

ደስ የሚል ጽሑፍ ነበር የተጠየቅኩት። ይህ የወጣልኝ ነው፤ ግድግዳው ላይ እያነበባችሁት ከሆነ መምህራችን ወደ ታይፕ ቤት ልከውታል ማለት ነው። ስለዚህ ግብዣው የእማማ ተዋበች ነው፤ እኔ አድራሽ ነኝ። እሑድ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ መቆፈሪያ ከማንሳታችን በፊት፣ ከዳገቱ ራስ እሳቸው ደጅ ኑ። ብቻችሁን እንዳትመጡ፤ ያኔ እጃቸውን ያወጡትን እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ኑ። መጀመሪያ እኔ እናገራለሁ፣ የእኔ አጭር ነው። ቀጥሎ እሳቸው ይናገራሉ፤ ምን ያህል እንደሚቆዩ ስጠይቃቸው «እስክጨርስ» ነው ያሉኝ።