ከደረጃው ወዲያ

ነገሩን ያመጣው ሞባይል ነው። በውጭ አገር አንዳንድ አየር መንገዶች ተሳፋሪ ቆሞ የሚሄድበት «መቀመጫ» ሊያስገቡ አስበዋል የሚል ዜና ደባርቅ፣ መምህራን ክፍል ውስጥ አንብቤ ስቄ ነበር። ቅዳሜ ዳባት ወርጄ ለአባቴም አጫወትኳቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ዳሌያቸው ከታመመ ወዲህ እንኳ ማሕሌት ላይ ተቀመጡ ቢባሉ እሺ አይሉም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ ፍጻሜው ይቆማሉ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና ካላገኙ መራመድም ይቀራል ብሎ ወደ አዲስ አበባ ጽፎላቸዋል። የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጥንላቸውም ለዚሁ ነው።

«እንግዲያ እኔም ቆሜ ልሄድ ነው?» አሉ።

«ኧረ የለም፣ የእርስዎ ወንበር አለው።»

«ወንበር አለ ያለህ ማነው? ረዳቱ?»

እውነታቸውን ነው። ጎንደር ልንሄድ መንገድ ላይ ስንወጣ የሚኒባሱ ረዳት ሁልጊዜ «ወንበር አለ» ይላል። ገብተን ስናይ የለም፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሰው እስኪወርድ አንገታችንን ሰብረን እንቆማለን። ግራ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንም ሊያስቀምጣቸው ያልቻለ ሰው ለአንዲት አጭር በረራ መቆም ምን አስፈራቸው? ጠየቅኋቸው።

«ያ ለፈጣሪዬ ነው። ይኼስ ለማን ነው?»



ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ። ፈታሹ መቋሚያው ረጅም ነው፣ ከሻንጣ ጋር ይጫናል ብሎ ወሰደባቸው። አንዲት ሠራተኛ ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች።

«አባታችን፣ በዚህ እስከ ደረጃው እናደርስዎታለን።»

«ከደረጃው ወዲያስ?»

«ይኼ ወደ ውስጥ አይገባም። ደግፈን እናስገባዎታለን።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። እንዲያ ፈርተው አይቻቸው አላውቅም።

«መልሰኝ» አሉ።

ተናደድኩ። አሁን ከተመለሱ ዳግመኛ እንደማይወጡ አውቃለሁ። ሸኚ ከፊታችን ካለው በር አያልፍም፤ ወንድሜ የሚጠብቃቸው አዲስ አበባ ነው።

እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ወንበር አለው?»

«አለው» አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁም። ተሽከርካሪው ላይ ተቀመጡና ልጅቷ ገፋቻቸው። ከበሩ ወዲያ እስኪሰወሩ በዓይኔ ተከተልኳቸው። ለካ «አለው» ያልኩት እኔም አውሮፕላን የማውቀው ሰማይ ላይ ብቻ ነው።